ቢጫ ዴዚ በወሎ ግቢ፦ ከቁራጭ እስከ አበባ

ወሎ ውስጥ ቢጫ ዴዚን በብዛት የሚገድለው ድርቅ አይደለም። ሐምሌና ነሐሴ ናቸው። ሰው በሚያዝያ ፀሐይ እንዳይደርቅበት ይጨነቃል፤ ጠዋት ማታ ያጠጣል። ተክሉ ግን ያን ሁሉ በጋ ችሎ ይቆይና ክረምት መሀል ላይ፣ ውሃ በተኛበት ጥቁር አፈር ውስጥ ሥሩ በስብሶ ይሞታል። ስለዚህ እዚህ ላይ ስለማጠጣት ከማወራው ይልቅ ውሃን ስለማሸሽ የማወራው ይበዛል። ሌላው ደጋግሜ የማነሳው መቀስ ነው። የማይቆረጥ ዴዚ ሁለት ሦስት ዓመት አምሮ ይታይና እግሩ ይራቆታል። አናቱ ላይ ብቻ ጥቂት አበባ ይዞ ይቀራል።

ቢጫ አበባ ያላቸው ዴዚዎች ብዙ ናቸው። እኔ የምለው ቁጥቋጦ የሚሆነውን፣ ቅጠሉ በበጋም በክረምትም የማይረግፈውን ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ዩርዮፕስ ፔክቲናተስ ነው። ቁመቱም ስፋቱም ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ይደርሳል። ቅጠሉ በጥልቅ የተሰነጣጠቀ ነው፤ ጥቃቅን ፀጉር ስለሚሸፍነው ወደ ግራጫ ያደላል። አበባው 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት አለው፤ ከቅጠሉ በላይ በረጅም ቀጭን አገዳ ላይ ይቆማል። ፀጉር የሌለው፣ ቅጠሉ ደማቅ አረንጓዴ የሆነ ዓይነትም አለ፤ ቪሪዲስ ይባላል። አያያዛቸው አንድ ነው።

አገሩ ደቡብ አፍሪካ፣ የምዕራብ ኬፕ ድንጋያማ ተዳፋት ነው። እዚያ ውሃ ቢዘንብም አይተኛም፤ በድንጋዩ መሀል ሰርጎ ይሄዳል። የዚህን ተክል ጠባይ ለመረዳት ይህችን አንድ ነገር ማወቅ ይበቃል። የእኛም ደጋ የዚሁ ወገን የሆነ የራሱ ተክል አለው፦ ዩርዮፕስ ፒኒፎሊየስ የሚባለው ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኝ ሲሆን ጎረቤታችን መንዝ ጓሳ ላይ በብዛት ይበቅላል። እሱ ግን የብርድ አገር ዱር ነው፤ ከተማ ግቢ አምጥታችሁ እንድትተክሉት አልመክርም።

አንዳንዱ «አደይ አበባ እያለችን የውጭ አበባ ምን ይሠራልናል?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። አደይ ግን የመስከረም እንግዳ ናት፤ መጥታ ትሄዳለች። ይህኛው ከተመቸው ዓመቱን በአብዛኛው እያበበ ግቢ ውስጥ ይኖራል። ደግሞ ባዳም አይደለም፤ አደይም፣ ኑግም፣ ግራዋም፣ ዴዚም አንድ ቤተሰብ ናቸው። የኑግ ማሳ ላይ የምታዩአት ንብ እዚህም ትመጣለች።

የት ናችሁ?

ወሎ አንድ አየር የለውም። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ከእሷ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወረድ ብላ 1850 ሜትር አካባቢ ትገኛለች። ቆቦ ከ1500 ሜትር ብዙ አይርቅም። ወደ ደላንታና ወደ ዋድላ ደጋ ስትወጡ ደግሞ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ አለ። ስለዚህ «በዚህ ወር ትከሉ» የሚል አንድ ምክር ለሁሉም አይሠራም።

ለደሴ፣ ለኩታበር፣ ለሐይቅ፣ ለወልዲያና ለላሊበላ መሰል ወይናደጋና ቀለል ያለ ደጋ፦ ግንቦት መጨረሻ ላይ ቁረጡ፣ ክረምቱን በጣራ ሥር አሳድጉ፣ መስከረም ላይ መሬት ላይ ትከሉ። እኔ ይህን የምመርጥበት ምክንያት አለኝ። ግንቦት መጨረሻ ትልቁ ተክል የሚገረዝበት ጊዜ ስለሆነ ቁራጩ በነፃ ይገኛል። ክረምት አየሩ እርጥብ ስለሆነ ቁራጩ አይጠወልግም። መስከረም ሲደርስ ዝናቡ ይቀንሳል፣ ፀሐይ ይወጣል፣ አፈሩ ግን ገና እርጥበት አለው። ችግኙ ያለብዙ ድካም ሥር ይሰዳል።

ለቆቦ፣ ለባቲና ለመሳሰሉት ሞቃት ቦታዎች፦ የካቲት ላይ ቆርጣችሁ አሳድጉና ዝናቡ ሲገባ፣ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ትከሉ። እዚያ ዝናቡ አጭር ነው፤ መስከረም ላይ ብትተክሉ ሥሩ ሳይጠነክር በጋው ይይዘዋል።

ለውርጭ አገር፦ በግንቦት የቆረጣችሁትን የመጀመሪያውን በጋ በጣሳ ወይም በባልዲ ውስጥ በበረንዳ አሳልፉት። መጋቢት ላይ፣ ውርጩ ሲያልፍ ትከሉት። እስከሚቀጥለው ኅዳር ድረስ ግንዱ ይጠነክራል።

ቦታ መምረጥ

ፀሐይ። በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋል። በጥላ ሥር አይሞትም፤ ግን ይሳሳል፣ ይረዝማል፣ አበባው ያንሳል። በቆቦና በባቲ ብቻ ከቀትር በኋላ ትንሽ ጥላ ቢያገኝ ይወዳል።

ከዚያ ጣራውን ተመልከቱ። ብዙ ሰው አበባ የሚተክለው በቤቱ ግድግዳ ሥር ነው፤ ከላይ ደግሞ ቆርቆሮ አለ። አሸንዳ ከሌለው የክረምቱ ውሃ በሙሉ ከቆርቆሮው ጫፍ የሚወርደው እዚያው ተክሉ ላይ ነው። አፈሩን ይቦረቡራል፣ ቅርንጫፉን ይሰብራል፣ ሥሩን ያሰጥማል። ከጠብታው መሥመር ቢያንስ አንድ ሜትር ወደ ውጭ ራቁ። ወይም አሸንዳ አሠሩ። አሸንዳው ውድ ነው ካላችሁ መራቁ ነፃ ነው።

ደሴ ላይ ደግሞ ተዳፋት ሞልቷል። ከጦሳ ተራራ ሥር ያሉ ግቢዎች አብዛኞቹ ደረጃ ደረጃ ናቸው። የላይኛው ደረጃ ለዴዚ የተመቸ ነው። የታችኛው፣ ከላይ የወረደው ውሃ ሁሉ የሚሰበሰብበት ጥግ ግን አይሆንም። እዚያ ቄጤማ ትከሉ።

ነፋስ የሚያልፍበት ቦታ ይሁን። የደሴ ክረምት ጉም አለው፤ ቅጠሉ ለቀናት ሳይደርቅ ይቆያል። በሁለት ግድግዳ መሀል የታፈነ ተክል ቅጠሉ ይሻግታል።

አፈሩን ፈትኑ

ይህን ሳታደርጉ ጉድጓድ አታዘጋጁ። 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀትና ስፋት ያለው ጉድጓድ ቆፍሩ። በውሃ ሙሉትና እስኪሰርግ ጠብቁ። እንደገና ሙሉትና ሰዓት ያዙ። በአራት ሰዓት ውስጥ ከሰረገ ጥሩ ነው፤ እዚያው መትከል ይቻላል። ከዚያ በላይ ከቆየ ችግር አለ። በማግስቱም ውሃ ካለው ደግሞ ስለ ጉድጓድ እርሱት፤ ወደ ላይ ነው መሥራት ያለባችሁ።

መረሬ አፈር ያላችሁ ሰዎች ውጤቱን ሳትፈትኑም ታውቁታላችሁ። በበጋ የሚሰነጠቀው፣ በክረምት ጫማ የሚያወልቀው አፈር ነው። እዚህ ላይ የተለመደው መፍትሔ ጉድጓድ ቆፍሮ በጥሩ አፈርና በአሸዋ መሙላት ነው። አይሠራም። በመረሬ መሀል ያለ ለስላሳ አፈር የዙሪያውን ውሃ ይሰበስባል፤ መውጫ ግን የለውም። ጥሩ አፈር ባፈሰሳችሁ ቁጥር ጥሩ ኩሬ ነው የሠራችሁት።

መሥራት ያለባችሁ ከፍ ያለ መደብ ነው። ግቢ ውስጥ ድንጋይ አይጠፋም። ዙሪያውን ያለ ሲሚንቶ ደርድሩ፤ በድንጋዮቹ መሀል ውሃ ይውጣ። ከፍታው ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይሁን። የታችኛውን መሬት በመቆፈሪያ ነቅነቅ አድርጉት፤ መገልበጥ አያስፈልገውም። ከዚያ ይህን ቅልቅል ሙሉበት፦ ሁለት እጅ የግቢ አፈር፣ አንድ እጅ ሻካራ የወንዝ አሸዋ ወይም ደቃቅ ገረጋንቲ፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት። አሸዋው ሻካራ ይሁን። ለልስን የሚሆነው ደቃቅ አሸዋ ከሸክላ አፈር ጋር ሲቀላቀል የበለጠ ይጠነክራል። በእጃችሁ ስታሹት እህል እህል የሚለው ነው የሚፈለገው።

ጥሬ ፍግ አትጨምሩ። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል፤ የአረም ዘርም ይዞ ይመጣል። ቢያንስ ስድስት ወር ተከምሮ የተብላላ፣ ሽታው የጠፋ፣ በእጅ ሲይዙት የሚፈረፈር መሆን አለበት።

ቁራጩን ማዘጋጀት

ከዘር ማብቀል ይቻላል፤ ግን ዘሩ እዚህ በቀላሉ አይገኝም። ደግሞም አያስፈልግም። ይህ ተክል በቁራጭ እጅግ በቀላሉ የሚራባ ነው። የችግኝ ጣቢያ ካለ አንድ ገዝታችሁ ከዚያ ማባዛት ትችላላችሁ። ከዚያ የሚቀለው ግን ጎረቤት ነው።

«እትዬ፣ ከዚህች ቢጫ አበባ ጥቂት ቀንበጥ ልውሰድ?»

«ውሰድ ልጄ፤ እንዲያውም አቅልልልኝ፣ መንገዱን ዘግታብኛለች።»

ግንቦት መጨረሻ ላይ ከጠየቃችሁ መልሱ ይኸው ነው። እናንተም ተክሏን ገርዛችሁላት ነው የምትወጡት።

ከቅርንጫፉ ምኑን ነው የምትቆርጡት? አበባም እምቡጥም የሌለበትን ጫፍ ምረጡ። ጫፉ ላይ በጣም ለስላሳ የሆነው ይበሰብሳል። ታች ያለው፣ ቅርፊቱ ቡናማ የሆነው እንጨት ደግሞ ሥር ለማውጣት ይዘገያል። የምትፈልጉት በመሀል ያለውን ነው፤ ጫፉ አረንጓዴ፣ ታቹ ጠንከር ማለት የጀመረ። ርዝመቱ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ጠዋት፣ ተክሉ ውሃ ጠግቦ ሳለ ቁረጡ። በስለት ወይም በስል መቀስ፣ ከአንጓው ልክ ሥር። የደነዘዘ ቢላ ግንዱን ይጨፈልቃል፤ የተጨፈለቀ ግንድ ይበሰብሳል። ስለቱን አስቀድማችሁ በአልኮል ወይም በፈላ ውሃ አጽዱት።

የታችኛውን ግማሽ ቅጠል በእጃችሁ አራግፉ። የላይኛው ጫፍ ላይ እምቡጥ ካለ ቀንጥሱት፤ ቁራጩ አቅሙን በአበባ ላይ እንዳያጠፋ። ሥር ማስወጫ ዱቄት የሚሸጥ ካገኛችሁ ተጠቀሙ፤ ካጣችሁ አትልፉ። ያለሱም ይይዛል።

መትከያው ግማሽ ሻካራ አሸዋ፣ ግማሽ የተነፋ ኮምፖስት ይሁን። የቀለም ባልዲም፣ የዘይት ጀሪካን ግማሹም፣ የወተት ጣሳም ይሆናል። ግን ይበሳ! ምስማር በእሳት አግላችሁ ከሥሩ ስድስት ሰባት ቦታ ብሱት። አንድ ቀዳዳ አይበቃም፤ አሸዋ ይደፍነዋል። ከሥሩ ጠጠር መደርደር ውሃ ያሸሻል የሚባለው እምነት ልማድ ብቻ ነው። ጠጠሩ ለሥር የሚሆነውን ቦታ ይወስዳል እንጂ ውሃውን አያሸሽም።

አፈሩን አርጥቡት፣ በእርሳስ ቀዳዳ አድርጉ፣ ቁራጩን እስከ ግማሹ አስገቡ፣ ዙሪያውን በጣታችሁ ጠቅጠቅ አድርጉ። በቀጥታ በቁራጩ አትውጉት፤ የተቆረጠው ጫፍ ይቆስላል። በቁራጭና በቁራጭ መሀል አራት ጣት ያህል ክፍተት ተዉ። ሦስት ተክል ከፈለጋችሁ ስምንት ቁረጡ። ሁሉም አይይዝም፤ ሁሉም ቢይዝ ደግሞ ለጎረቤት ይሆናል።

ብዙ መመሪያ «በላስቲክ ሸፍኑት» ይላል። ደሴ ላይ በክረምት አትሸፍኑት። አየሩ ራሱ እርጥብ ነው። ፀጉራም ቅጠል በላስቲክ ውስጥ ታፍኖ ይሻግታል። ቆቦ ላይ በየካቲት ከሆነ ግን ሽፋን ያስፈልጋል፤ ታቹ የተቆረጠ ሃይላንድ ድፉበት፣ ክዳኑን ክፍት ተዉት።

ባልዲውን ብርሃን ያለበት፣ ቀጥተኛ ፀሐይና ቀጥተኛ ዝናብ የማያገኘው ቦታ አኑሩ። በረንዳ ጥሩ ነው። አፈሩ ላይኛው ክፍል ደረቅ ሲል ብቻ ረጨት አድርጉለት። ቁራጩ በመጀመሪያው ሳምንት አንገቱን ቢደፋ አትደንግጡ።

ሥር ለማውጣት ኮምቦልቻ ላይ ከአራት እስከ አምስት ሳምንት ይበቃዋል። ደሴ ቀዝቀዝ ስለምትል እስከ ስምንት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። እየነቀላችሁ አትዩ። በቀስታ ሳብ አድርጉት፤ እምቢ ካለ ሥር አውጥቷል። አዲስ ቅጠል ካወጣ ደግሞ ተጨማሪ ማረጋገጫ ነው። ያኔ አንድ አንዱን ወደ ችግኝ ፕላስቲክ ወይም ወደ ትንሽ ጣሳ አዛውሩት። ቁመቱ 15 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ጫፉን በጥፍራችሁ ቀንጥሱት። ያሳሳል፣ አውቃለሁ። ግን ያልተቀነጠሰ ችግኝ አንድ ረጅም ዘንግ ሆኖ ነው የሚያድገው፤ የተቀነጠሰው ከጎን ከጎኑ ያወጣል።

መሬት ላይ መትከል

ከመትከላችሁ በፊት ችግኙን ከፀሐይ ጋር አላምዱት። ከበረንዳ አውጥቶ በቀጥታ ቀትር ላይ ማቆም ቅጠሉን ያቃጥለዋል። መጀመሪያ የጠዋት ፀሐይ ብቻ፣ ከዚያ እየጨመራችሁ፣ በአንድ ሳምንት እስከ አሥር ቀን ውስጥ ሙሉ ቀን ውጭ ይዋል።

ጉድጓዱ ከችግኙ ሥር ሁለት እጥፍ ይስፋ፤ ጥልቀቱ ግን ከሥሩ ጋር እኩል ይሁን። ፕላስቲኩን ቅደዱና አውጡት። ከነፕላስቲኩ የተቀበረ ችግኝ በየቦታው አያለሁ፤ ሥሩ እዚያው ተጠምዝዞ ይቀራል። ሥሩ ዙሪያውን ከተጠማዘዘ በጣታችሁ ፈታ አድርጉት። ስትተክሉ አፈሩ በጣሳው ውስጥ ከነበረው ከፍታ አይለፍ። መረሬ ላይ ከሆነ እንዲያውም 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ከመሬቱ ከፍ ይበል። አንገቱ የተቀበረ ዴዚ ክረምትን አያልፍም።

ርቀት፦ ለብቻው እንዲሰፋ ከፈለጋችሁ በመሀል አንድ ሜትር። እንደ አጥር እንዲያያዝ ከሆነ 60 ሳንቲ ሜትር። ችግኙ ሲተከል ትንሽ ስለሚመስል ሰው ያጠጋጋዋል። አታጠጋጉት።

ከተከላችሁ በኋላ 5 ሊትር ጀሪካን ውሃ ቀስ ብላችሁ አፍስሱለት። ከዚያ በዙሪያው ደረቅ ሣር ወይም የጤፍ ጭድ ጉዝጓዝ አድርጉ፤ ግንዱን ግን አይንካ፣ አንድ ጋት ይራቅ። ክረምት ሲገባ ጉዝጓዙን አንሱት። ዶሮ ያላችሁ ሰዎች ጉዝጓዙን በድንጋይ ያዙት፤ ካልሆነ በአንድ ቀን ውስጥ ተበትኖ ታገኙታላችሁ። ከብትና ፍየል ግቢ የሚገባባችሁ ከሆነም ለመጀመሪያው ዓመት በእሾህ ክበቡት።

ውሃ

በመጀመሪያው ወር በሳምንት ሁለት ጊዜ። ከዚያ እስከ በጋው መጨረሻ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በደንብ። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ በደሴ አየር በየአሥር እስከ አሥራ አምስት ቀን ይበቃል። በልግ ከዘነበ አታጠጡ። ክረምት ላይ ጭራሽ አትንኩት።

ይህ ቁጥር ግን መነሻ ነው። ዋናው ጣታችሁ ነው። እስከ 5 ሳንቲ ሜትር አስገቡት፤ እርጥብ ከሆነ ተመለሱ። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማጠጣት ከሁሉም የከፋ ነው፤ ሥሩ ወደ ላይ ይሰበሰባል፣ ወደ ታች አይወርድም። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ይህ ተክል የተመቸ የሚሆነውም ለዚህ ነው። በደንብ ጠጥቶ ብዙ ቀን መቆየት ይችላል። አትክልት የታጠበበትን ውሃ ብትሰጡት ችግር የለውም። የልብስ እጣቢ ግን አይሆንም፤ የሳሙናው ጨው አፈሩ ውስጥ ይከማቻል።

ከቀትር በኋላ ቅጠሉ ላላ ብሎ ማታ የሚነሳ ከሆነ ጤነኛ ነው። ጠዋትም ላልቶ ካገኛችሁትና አፈሩ ደረቅ ከሆነ ጠምቶታል። ጠዋት ላልቶ አፈሩ እርጥብ ከሆነ ግን ውሃ አትጨምሩ። ሥሩ እየበሰበሰ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የጠወለገ ሲያይ ጀሪካን ይዞ ይሮጣል።

ማዳበሪያ

አጭር ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በልግ መግቢያ ላይና ከግርዛት በኋላ፣ ሁለት ሦስት እፍኝ ኮምፖስት በዙሪያው በትኑ። አበቃ። ለማሳ ከተገዛው ዩሪያ ጭብጥ አንሥቶ መበተን ቅጠል ብቻ ያበዛል፣ አበባውን ያስቀራል፣ ለስላሳው ቅጠል ደግሞ ክሽክሽ የሚባለውን ጥቃቅን ተባይ ይጠራል።

ስለ ቡና አተላ ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። ወሎ ውስጥ ቡና በቀን ሦስት ጊዜ ይፈላል፤ አተላው የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። በቀጥታ ተክሉ ሥር በየቀኑ ከተደፋ ተጋግሮ ውሃ የማያሳልፍ ቅርፊት ይሠራል። ኮምፖስቱ ላይ ድፉት፤ እዚያ ጥሩ ይሆናል። የምድጃ አመድም እንዲሁ፤ ዴዚው ሥር አትከምሩት።

መግረዝ

ሁለት ዓይነት መቁረጥ አለ። የመጀመሪያው ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ ነው፤ የጠወለገ አበባን ማንሳት። አበባውን ብቻ አትቀንጥሱ፤ ራቁቱን የቀረው አገዳ ደርቆ ይቆምና ተክሉን ያስጠላዋል። አገዳውን ተከትላችሁ ወርዳችሁ ከቅጠሉ መነሻ ላይ ቁረጡት። ዘር ለማፍራት የሚያጠፋውን አቅም ለአዲስ እምቡጥ ያውለዋል። ከቡና በፊት መቀስ ይዞ አንድ ዙር መዞር ይበቃል።

ሁለተኛው ዋናው ግርዛት ነው። በደሴና በመሰል አየር ግንቦት መጨረሻ፣ ክረምቱ ሳይገባ አድርጉት። የተክሉን ቁመት አንድ ሦስተኛ ቀንሱ። ዙሪያውን እኩል አድርጉ፣ መሀሉ የተጣበበ ከሆነ ሁለት ሦስት ቅርንጫፍ ከውስጥ አውጡና ነፋስ ይግባው። የቆረጣችሁበት ቦታ ከሥሩ አረንጓዴ ቅጠል መኖሩን ሁልጊዜ አረጋግጡ። ይህ ተክል ከደረቀ፣ ቅጠል ከሌለው አሮጌ እንጨት ላይ እንደገና ማቆጥቆጡ አስተማማኝ አይደለም። ግራዋ እስከ ጉቶው ቢቆረጥ ይመለሳል። ዴዚ ያን ያህል አይደለም። ስለዚህ በየዓመቱ ጥቂት መቁረጥ፣ አምስት ዓመት ትቶ አንድ ቀን በገጀራ ከመጨፍጨፍ ይሻላል።

በክረምቱ ዝናብ አዲስ ቅርንጫፍ ያወጣል። ዝናቡ ሲያበቃ፣ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል፣ በአበባ ይሸፈናል። ከደሴ ሰማይ ጉሙ ሲነሳ ያለውን ብርሃን የሚያውቅ ሰው ይህ ቢጫ በዚያ ብርሃን ምን እንደሚመስል መገመት አያቅተውም። ያኔ ለቤት ቆርጣችሁ ብታስገቡም አይጎዳም፤ ለተክሉ ግርዛት ነው። ለጌጥ ግን ብቻ። ለሻይም፣ ለመድኃኒትም፣ ለከብት መኖም አታድርጉት።

ከጥቅምት በኋላ ዋና ግርዛት አታድርጉ። በዚያን ጊዜ የተቆረጠ ተክል ለስላሳ ቀንበጥ ያወጣል፤ የኅዳር ውርጭ ቀንበጡን ይበላዋል። ቀላል ውርጭ የነካው ጫፍ ሲጠቁር ካያችሁ ወዲያው አትቁረጡት። የተቃጠለው ጫፍ የታችኛውን ይሸፍናል። የካቲት ላይ፣ ውርጩ ሲያልፍ አንሱት። በጣም ብርድ ባለበት ምሽት አሮጌ ነጠላ ወይም ማዳበሪያ ከረጢት አልብሱት፣ ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ግለጡት።

ተባይና በሽታ

ጠንካራ ተክል ነው። የተለመደው እንግዳ ክሽክሽ ነው፤ በእምቡጡና በቀንበጡ ላይ ተከማችቶ ይመጥጣል። ጉንዳን ግንዱ ላይ ሲመላለስ ካያችሁ ክሽክሹ አለ ማለት ነው፤ ጉንዳኑ ክሽክሹ የሚያመነጨውን ጣፋጭ ፈሳሽ ፈልጎ ይጠብቀዋል። መጀመሪያ በውሃ ግፊት አጥቡት፤ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ካልበቃ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ የሰሃን ሳሙና በጥብጣችሁ ማታ ማታ እርጩት። የዱቄት ሳሙና አይሆንም፤ ቅጠል ያቃጥላል። ማታ የምላችሁ በፀሐይ እንዳይቃጠልና ንቦቹ ከሄዱ በኋላ እንዲሆን ነው። ጥቁር ነጠብጣብ ያላትን ቀይ ጥንዚዛ ካያችሁ አትንኳት፤ ክሽክሽ የምትበላ ናት። ለእህል የተገዛ ኬሚካል ግቢ ውስጥ መርጨት ለዚህ አይገባም።

በበጋ፣ በተለይ በቆቦ በኩል፣ ቅጠሉ አቧራ የለበሰ መስሎ ከገረጣና ከሥሩ ቀጭን ድር ካያችሁ ቀይ ሸረሪት ነው። ውሃ ይጠላል፤ ቅጠሉን ከሥር በኩል ጠዋት ጠዋት እጠቡት።

የሥር መበስበስ ግን መድኃኒት የለውም። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ተክሉ ከጠወለገ፣ የታችኛው ቅጠል ቢጫ ከሆነ፣ ሥሩ ጠቁሮ ከሸተተ፣ ተክሉን ለማዳን ጊዜ አታጥፉ። ገና ጤነኛ የሆኑትን ጫፎች ወዲያው ቆርጣችሁ ትከሉ። ተክሉን ከነሥሩ ነቅላችሁ ከግቢ አውጡት፤ ኮምፖስት ላይ አትጣሉት። እዚያው ጉድጓድ ውስጥም መልሳችሁ ዴዚ አትትከሉ፤ ምክንያቱ እዚያው ነው ያለው።

በባልዲ ለሚያሳድጉ

ተከራይ ከሆናችሁ ወይም ግቢው ሲሚንቶ ከሆነ በባልዲ በደንብ ይኖራል። ስፋቱ ከ30 ሳንቲ ሜትር አይነስ። 20 ሊትር ጀሪካን አናቱ ተቆርጦ ይሆናል፤ ከሥሩ በደንብ ይበሳ፣ ከመሬቱም በሁለት ድንጋይ ከፍ ይበል፣ ካልሆነ ቀዳዳው ሲሚንቶው ላይ ይደፈናል። በባልዲ ያለ ተክል ቶሎ ይደርቃል፤ በበጋ በሳምንት ሁለት ጊዜ ማጠጣት ያስፈልጋል። በየሁለት ዓመቱ አውጥታችሁ የሥሩን ዳር ጥቂት ከርክማችሁ በአዲስ አፈር መልሱት። ክረምት ላይ ከቆርቆሮ ጠብታ አሽሹት።

ሲያረጅ

ብዙ ዕድሜ ያለው ተክል አይደለም። በእንክብካቤ አምስት ዓመት ገደማ በደንብ ያብባል፤ ከዚያ ግንዱ ይወፍራል፣ መሀሉ ይራቆታል፣ ነፋስ ሲመጣ ይሰነጠቃል። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ዓመት ላይ ስትገርዙት ከቁራጮቹ ጥቂቱን አስቀሩና በረንዳ ላይ አሳድጉ። አሮጌውን የምትነቅሉት አዲሱ ከያዘ በኋላ መስከረም ላይ ነው። አዲሱን ከቀድሞው ቦታ አንድ ሁለት ሜትር ፈቀቅ አድርጋችሁ ትከሉት፤ የድሮው ጉድጓድ ላይ በልግ ሲገባ ባቄላ ዝሩበት።